የገመድ ሠሪው ልጅ ግጥሞች፦ የሉዊዝ ላቤ ክርክር ስለ ምንድን ነው?

በ2021 ጋሊማር የተባለው የፓሪስ አሳታሚ አንድ ወፍራም ቅጽ አወጣ። ቅጹ የወጣው «ፕሌያድ» በሚባለው የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች ዘንድ አንድ ደራሲ ፕሌያድ ገባ ማለት ከታላላቆቹ ተርታ ተሰለፈ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የገባችው ሉዊዝ ላቤ ናት። የ16ኛው መቶ ዘመን የሊዮን ገጣሚ፣ የገመድ ሠሪ ልጅ፣ የገመድ ሠሪ ሚስት። በፈረንሳይኛ፣ በገዛ ስማቸው የግጥም መጽሐፍ ካሳተሙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናው ደስ ይላል። ግን አብሮት ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ቅጹን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሚሬይ ዩሾን ናቸው። እኚሁ ምሁር በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ሉዊዝ ላቤ የምትባለው ገጣሚ «የወረቀት ፍጥረት» ናት ብለው ነበር። በእሳቸው እምነት ግጥሞቹን የጻፏቸው የሊዮን ወንድ ገጣሚዎች ናቸው። ስሙን ለጨዋታ ተውሰውታል። ታዋቂው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ማርክ ፉማሮሊ ወዲያው ለ ሞንድ ጋዜጣ ላይ ድጋፋቸውን ሰጡ። ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የአደባባይ ወሬ ሆነ።

ወሬ ሲሆን ደግሞ እንደማንኛውም ወሬ አጠረ። «ሉዊዝ ላቤ እኮ የምትባል ሴት አልነበረችም» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ወረደ። ይሄ ስሕተት ነው። ክርክሩ ከዚያ የጠለቀ ነው፤ ስለ ሌላ ነገርም ነው። ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

ሴትዮዋ ነበረች

መኖሯን የሚጠራጠር የለም። ዩሾንም አይጠራጠሩም። የሊዮን መዛግብት ውስጥ ስሟ አለ።

አባቷ ፒዬር ሻርሊ ገመድ የሚገምድ የእጅ ባለሙያ ነበር። «ላቤ» የሚለው ስም ከቤተሰቡ የመጣ አይደለም። ሻርሊ በመጀመሪያ ያገባት ሴት የሌላ ገመድ ሠሪ መበለት ነበረች። ሟቹ «ላቤ» በሚል ቅጽል ይታወቅ ነበር። ሻርሊ መበለቲቱን ሲያገባ ሙያውም ስሙም ተከትለው መጡ። ያቺ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ኤትዬኔት ሮይቤን አገባ። ሉዊዝ የእሷ ልጅ ናት። የተወለደችበት ዓመት አይታወቅም። ተመራማሪዎች ከ1516 እስከ 1524 ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጉታል። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ልጅ ሳለች ነው።

ካደገች በኋላ ኤንሞን ፔራን የተባለ ገመድ ሠሪ አገባች። የከተማው ሰው «ላ ቤል ኮርዲዬር» አላት። ቆንጆዋ የገመድ ሠሪ ሚስት እንደማለት ነው። ዛሬም ሊዮን ውስጥ በዚህ ቅጽል የሚጠራ መንገድ አለ።

ከሕይወቷ በደንብ የምናውቀው መጨረሻዋን ነው። በሚያዝያ 28 ቀን 1565 ታማ አልጋ ላይ ሳለች ኑዛዜዋን አስጻፈች። የተኛችው ቶማ ፎርቲኒ በተባለ የፍሎረንስ ሰው ቤት ነበር። ከሀብቷ ለድሆች ተወች። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። የተቀበረችው ከሊዮን ወጣ ብላ በምትገኘው በፓርሲዬ ነው።

በእነዚህ ማስረጃዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው አፈ ታሪክ ነው። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፈረስ ጋልባ ፐርፒኞ ከተማ ላይ ተዋግታለች ይባላል። የዚህ ወሬ ምንጭ ራሳቸው ግጥሞቹ ናቸው። ግጥም ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ሕይወት ታሪክ ማንበብ ያመጣው ጣጣ ነው። ከገጣሚው ኦሊቪዬ ደ ማኚ ጋር በፍቅር ወድቃ ነበር የሚለውም እንዲሁ በግጥሞች ላይ የተገነባ ግምት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መዝገብ ላይ ያለችው የገመድ ሠሪ ሚስትና በ1555 ሊዮን ውስጥ በታተመው የግጥም መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለችው ደራሲ አንድ ሰው ናቸው? ወይስ መጽሐፉ ስሟን ብቻ ነው የወሰደው?

ለምን ሊዮን?

መልሱን ለመፈለግ ከከተማው መጀመር ያስፈልጋል። ሊዮን በሮንና በሶን ወንዞች መገናኛ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን በየዓመቱ አራት ታላላቅ የንግድ ትርዒቶች ይካሄዱባት ነበር። የፍሎረንስና የሉካ ባንከኞች እዚያ ቤት ነበራቸው። ሐር ይመጣል፣ ቅመም ይመጣል፣ ወረቀት ይመጣል። ዕቃ ለማሰር፣ ጀልባ ለመጎተት ገመድ የግድ ነው። ስለዚህ ገመድ ሠሪ ስንል ጎዳና ዳር የተቀመጠ ደሃ አድርገን አናስበው። ጥሩ ገቢ ሊያገኝ የሚችል የከተማ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው የሊዮን ሀብት ማተሚያ ቤት ነው። ከፓሪስ ቀጥሎ የፈረንሳይ ትልቁ የኅትመት ከተማ ሊዮን ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ግን አልነበራትም። መጻሕፍትን እየመረመረ የሚያግደው የፓሪስ የነገረ መለኮት ፋኩልቲ፣ ሶርቦን የምንለው፣ ሩቅ ነበር። ሰው በትምህርት ማዕረግ ሳይሆን በገንዘብ፣ በቋንቋ ችሎታና በጨዋታ የሚከበርባት ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል። ጣልያንኛ በየሱቁ ይሰማል። የጣልያኑ ባለቅኔ የፔትራርካ ግጥም ፋሽን ነበር።

ይህ ፋሽን እስከ ምን ድረስ እንደሄደ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ1533 ሞሪስ ሴቭ የተባለው የሊዮን ገጣሚ ፔትራርካ የዘመረላትን የላውራን መቃብር አቪኞ ከተማ ውስጥ አገኘሁ አለ። ግኝቱን ዛሬ የሚያምነው ጥቂት ሰው ነው። የሊዮን ገጣሚዎች እውነትንና ፈጠራን እያደባለቁ መጫወት ይወዱ እንደነበር ግን ያሳያል። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሴቶችም በዚህ ዓለም ውስጥ ነበሩ። ፔርኔት ዱ ጊዬ የተባለች የሊዮን ገጣሚ በ1545 ከሞተች በኋላ ግጥሞቿ ታትመውላታል። አታሚው ዣን ደ ቱርን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የሉዊዝ ላቤን መጽሐፍ ያተመውም እሱ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ምን አለ?

መጽሐፉ ትንሽ ነው። ግጥሙ ሁሉ ቢደመር 662 ስንኝ ብቻ ነው። ይህን ያህል ስንኝ ይህን ያህል ዘመን ማከራከሩ ራሱ ይገርማል።

መጀመሪያ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። በሐምሌ 24 ቀን 1555 ክሌማንስ ደ ቡርዥ ለምትባል የሊዮን ወጣት ሴት የተጻፈ። ደብዳቤው ሲጀምር፣ የወንዶች ጥብቅ ሕግ ሴቶችን ከዕውቀት የማይከለክልበት ጊዜ መጥቷል ይላል። ዕድሉን ያገኙ ሴቶች ይማሩ፤ የቻሉም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያኑሩ ይላል። ሴቶች አእምሯቸውን ከእንዝርትና ከፈትል ጥቂት ከፍ እንዲያደርጉም ይለምናል። እንዝርት ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ቃል አይደለም። የዚያ ዘመን የሊዮን ሴትም ቀኗ የሚያልፈው በዚያው ዕቃ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ደብዳቤ የመጽሐፉ ግማሽ ክብደት ነው። ምክንያቱም «እኔን አንብቡኝ» ብቻ አይልም። ሌሎቹንም ጻፉ ይላል።

ቀጥሎ በስድ ንባብ የተጻፈ የሞኝነትና የፍቅር ክርክር አለ። ሁለቱ እንደ ሰው ሆነው ወደ ሮማውያን አማልክት ንጉሥ ወደ ጁፒተር ግብዣ ሲገቡ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ብለው በር ላይ ይጣላሉ። ሞኝነት የፍቅርን ዓይን ታጠፋለች፤ ከዚያም ሊፈታ በማይችል ጨርቅ ታስረዋለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከአማልክቱ አፖሎ ለፍቅር ይከራከራል፤ ሜርኩሪ ለሞኝነት። ጁፒተር ጉዳዩን ለሦስት ጊዜ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ መቶ ዘመናት ይቀጥረዋል። ሒሳቡ 18,900 ዓመት ይመጣል። እስከዚያው ሞኝነት ዕውሩን ፍቅር እየመራች ትሂድ ይላል። ሥራው በጣም የተማረ ሰው ሥራ ነው። የግሪክና የላቲን ንባብ ከውስጡ ይሸታል።

ከዚያ ሦስት ኤሌጂዎች ይመጣሉ። ኤሌጂ የሐዘንና የናፍቆት ረጅም ግጥም ነው። ከዚያ 24 ሶኔቶች። ሶኔት ከጣልያን የመጣ የ14 ስንኝ ግጥም ነው፤ ሁለት ባለ አራት ስንኝ ቤቶችና ሁለት ባለ ሦስት ስንኝ ቤቶች አሉት። የመጀመሪያው ሶኔት በጣልያንኛ ነው፤ ሌሎቹ በፈረንሳይኛ።

ዝናዋ ያለው በእነዚህ ሶኔቶች ላይ ነው። ስምንተኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «እኖራለሁ፣ እሞታለሁ፤ እቃጠላለሁ፣ እሰጥማለሁ»። ማቃጠልና ማቀዝቀዝ፣ ሳቅና ለቅሶ በአንድ ትንፋሽ። ይህን መሰሉን ነገር ፔትራርካና ተከታዮቹም ብለውታል። ሉዊዝ ላቤ ላይ አዲስ የሆነው ሌላ ነው።

የፔትራርካ መንገድ እንዲህ ይሠራል። አንድ ወንድ የማይደርስባትን ሴት ያያል። ፀጉሯን፣ ዓይኗን፣ እጇን እየቆጠረ ያወድሳል። እሷ ዝም ትላለች። የአካልን ክፍል እየለዩ የማወደሱ ግጥም በፈረንሳይኛ «ብላዞን» ይባላል። በሉዊዝ ላቤ መጽሐፍ ውስጥ ዝም ትል የነበረችው ትናገራለች። የምትታየው ታያለች። በ21ኛው ሶኔት ላይ ወንድን የሚያስከብረው የትኛው ቁመት ነው? የትኛው ፀጉር፣ የትኛው የቆዳ ቀለም ነው? ብላ ትጠይቃለች። በ23ኛው ደግሞ ወርቃማ ፀጉሬን ድሮ ያን ያህል ማወደስህ ዛሬ ምን ጠቀመኝ? ትለዋለች። ሰውየው ጥሏት ሄዷል። ውዳሴው ባዶ ነበር። ያ ሁሉ የወንዶች የፍቅር ግጥም ከተወዳሿ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ይህ ሶኔት ያሳያል።

መጽሐፉ በሶኔቶቹ አያበቃም። መጨረሻ ላይ ገጣሚዎች ለሉዊዝ ላቤ ክብር የጻፏቸው 24 ግጥሞች አሉ። በግሪክ፣ በላቲን፣ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ። አብዛኞቹ ሙሉ ስም የላቸውም። ክርክሩ የሚነሳው በትልቁ ከዚህ ክፍል ነው።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

ጥርጣሬው በ2006 አልተወለደም። ፒዬር ደ ሴን-ዡልያን የተባለ ጸሐፊ በ1584 ስለ ሞኝነትና ፍቅር ክርክር ጽፏል። ይህ ሥራ ከአንዲት ተራ ጋለሞታ ይልቅ የሞሪስ ሴቭ ዕውቀት የሚሸትበት ነው አለ። ጥርጣሬና ስድብ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጡ። ስድቡም አዲስ አልነበረም። የፕሮቴስታንቱ መሪ ዣን ካልቪን በ1561 በላቲን ባሳተመው ጽሑፍ ቆንጆዋን የገመድ ሠሪ ሚስት ጋለሞታ ብሏታል። ካልቪን የመታው በዋናነት አንድ የሊዮን ካቶሊክ ቄስን ነው። እሷ የተነሳችው ቄሱን ለማዋረድ ነው። በሌላ በኩል የሊዮን ታሪክ ጸሐፊው ጊዮም ፓራዳን በ1573 እሷንና ፔርኔት ዱ ጊዬን በዕውቀትም በምግባርም አሞግሷቸዋል። የዘመኑ ምስክሮች ራሳቸው አይስማሙም።

የዩሾን መከራከሪያ ከስድቡ የተለየ ነው። በሰነድና በቃላት ላይ የቆመ ነው፤ በቁም ነገር መታየት አለበት። ዩሾን የዚያን ዘመን ታላቅ ደራሲ የራብሌን ሥራዎች ያዘጋጁ፣ የ16ኛውን መቶ ዘመን ፈረንሳይኛ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። ሐሳባቸውን በአጭሩ ላስቀምጠው።

ከ1556 በኋላ ከላቤ ብዕር የወጣ አንድ አዲስ መስመር የለም። በእጅ የተጻፈ ረቂቅ የለም። ደብዳቤ የለም። የገመድ ሠሪ ልጅ ይህን ሁሉ የግሪክና የላቲን ዕውቀት ከየት አመጣችው? ከዚህ በተጨማሪ የሁለተኛው ሶኔት የመጀመሪያ ስምንት ስንኞች በኦሊቪዬ ደ ማኚ የ1557 መጽሐፍ ውስጥ እንዳሉ ይገኛሉ። የሚለየው መዝጊያው ብቻ ነው። ሴቭ፣ ማኚ እና ሌሎቹ ገጣሚዎች ደግሞ በአንድ አታሚ ዙሪያ የተሰባሰቡ ጓደኛሞች ነበሩ። የላውራን መቃብር «ያገኘው» ሴቭ ነው። ፔትራርካ ላውራን ማወደስ በሚል የቃላት ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ በላቲን ማወደስ «ላውዳሬ» ነውና። በፈረንሳይኛ ማወደስ «ሉዌ» ነው። «ሉዌ ሉዊዝ»፣ ሉዊዝን ማወደስ፣ ያንኑ ጨዋታ በፈረንሳይኛ ይደግመዋል። እንግዲህ ሊዮን የራሷን ላውራ ፈጠረች ነው የዩሾን መደምደሚያ። ይህችኛዋ ላውራ ደግሞ እንድትናገር ተደረገች።

በሴት ስም የወጣ፣ ግን የወንዶች ሥራ ነው ተብሎ የሚታመን ሌላ መጽሐፍም ሊዮን ውስጥ ነበር። ዣን ፍሎር በሚል ስም የታተሙትን የፍቅር ተረቶች ብዙ ምሁራን የብዙ እጆች ሥራ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹስ ምን ይላሉ?

የዩሾን መጽሐፍ ከወጣ በኋላ መልሱ ብዙና ጠንካራ ነበር። የሴቶችን የጽሑፍ ታሪክ የሚያጠኑት ኤሊያን ቪዬኖ፣ የላቤን ሥራዎች ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ዳንዬል ማርታን እና ሌሎችም በዝርዝር ተከራክረዋል።

የመጀመሪያው መልስ ስለ ረቂቁ ነው። የ16ኛው መቶ ዘመን ገጣሚዎች አብዛኞቹ የእጅ ጽሑፍ አልቀረላቸውም። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ረቂቁን የሚያስቀምጥ አልነበረም። ይህ ለወንዶቹም እኩል ይሠራል። በእነሱ ላይ ግን ጥርጣሬ አልቀሰቀሰም።

አንድ መጽሐፍ ብቻ መጻፍም ማስረጃ አይሆንም። ፔርኔት ዱ ጊዬም አንድ ብቻ ነው ያላት። ከ1556 በኋላ ደግሞ ሊዮን ሰላም አላገኘችም። በ1562 ፕሮቴስታንቶች ከተማዋን ያዙ። በ1564 ወረርሽኝ ገባ፤ አታሚው ዣን ደ ቱርንም በዚያ ዓመት ሞተ።

የማኚ ስምንት ስንኞችስ? የላቤ መጽሐፍ በ1555 ወጣ፤ የማኚ በ1557። ቀኑ ብቻ ከታየ ወሳጁ እሱ ነው። ወይም ሁለቱ ከአንድ መነሻ ተነስተው የተለያየ መዝጊያ የሠሩበት የግጥም ውድድር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጨዋታ በዘመኑ የተለመደ ነበር። በየትኛውም መንገድ ቢነበብ ሶኔቱን ለማኚ አሳልፎ አይሰጥም።

ሴት ከየት ተማረች የሚለውን ደግሞ ጣልያን ይመልሰዋል። ቪቶሪያ ኮሎና ግጥሞቿ በ1538 ታተሙ። ቱሊያ ዳራጎና በ1547። የጋስፓራ ስታምፓ በ1554፣ ማለትም ከላቤ አንድ ዓመት በፊት። የሊዮን ሰው ዓይኑ ጣልያን ላይ ነበር። ሀብት ያለው ነጋዴ ለልጁ መምህር ቢቀጥር ምን ይገርማል?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ግን አንድ ወረቀት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የንጉሡ ፈቃድ ታትሟል። ይህ ፈቃድ በፈረንሳይኛ «ፕሪቪሌዥ» ይባላል። ንጉሡ ለአንድ ሰው ብቻ ለተወሰነ ጊዜ መጽሐፉን የማሳተም መብት ይሰጣል። የዛሬው የቅጂ መብት ቅድመ አያት ነው ብንል ያስኬዳል። ፈቃዱ የተሰጠው መጋቢት 13 ቀን ነው። ሰነዱ ላይ 1554 ይላል፤ የንጉሡ ጽሕፈት ቤት ዓመት የሚለውጠው በፋሲካ ስለነበር በዛሬው ቆጠራ 1555 ነው። የአዲስ ዓመት ቀን አገር ለአገር እንደሚለያይ እኛ ከማንም በላይ ስለምናውቅ ይህ አያደናግረንም።

ፈቃዱ የተሰጠው በቀጥታ ለሊዮኗ ሉዊዝ ላቤ ነው። ለአታሚው ቢሰጥ አይገርምም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአታሚ ነውና። ጊዜው አምስት ዓመት ነው። ሥራዎቹን እሷ እንደደረሰች፣ ጓደኞቿ ሳያልቁ ወስደው በየቦታው እንዳሰራጯቸው፣ እሷም አይታ እንዳረመቻቸው ይገልጻል። እርግጥ «ጓደኞቼ ወስደው አሠራጩብኝ» ማለት የዘመኑ ደራሲዎች የትሕትና ልማድ ነበር። ቃሉን እንዳለ ማመን ላይኖርብን ይችላል። ነገር ግን ሰነዱ ሕጋዊ ነው። ገንዘብ የሚያስገኝ መብት ይሰጣል።

የዚህ ዓይነት ሰነድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በ1669 ፓሪስ ውስጥ «የፖርቱጋል ደብዳቤዎች» የሚል መጽሐፍ ታተመ። አንዲት ፖርቱጋላዊት መነኩሲት ለጣላት የፈረንሳይ መኮንን የጻፈቻቸው የፍቅር ደብዳቤዎች ናቸው ተባለ። አንባቢ ለዘመናት አመነ። በ1926 አንድ ተመራማሪ የንጉሡን ፈቃድ መዝገብ አገኘ። እዚያ ላይ የተጻፈው ስም ጊዬራግ የተባለ ፈረንሳዊ ወንድ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ደራሲው እሱ ነው ይላሉ። እንግዲህ በዚያ ጊዜ መነኩሲቱን ከደራሲነት ያወረደው የፈቃድ መዝገብ ከሆነ፣ የላቤ ስም ያለበት ፈቃድ ለምን ክብደት ያጣል? ዩሾን ፈቃዱም የጨዋታው አካል ነው ብለው ያነቡታል። ይቻላል። ግን ሊሆን ይችላል ማለትና ሆኗል ማለት ይለያያሉ። የንጉሡን ጽሕፈት ቤት ሁሉ የጨዋታው ተሳታፊ ለማድረግ ቢያንስ አንድ ቀጥተኛ ምስክር ያስፈልጋል። በ1555 ወይም በ1556 «ይህ የእኛ ቀልድ ነው» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ደራሲ ማለት ያኔ ምን ማለት ነበር?

በሁለቱ ወገኖች መሀል ሦስተኛ መንገድ አለ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ዛሬ ደራሲ ስንል በር ዘግቶ ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይታየናል። የሊዮን ማተሚያ ቤት እንደዚያ አልነበረም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያያል፣ አራሚው ያስተካክላል፣ አታሚው የፊደል አጣጣሉን ይወስናል። አንዱ ለሌላው ሶኔት ይመልሳል። የሌላውን ስንኝ መውሰድ ሌብነት ሳይሆን ሰላምታ ነበር። ይህ የዘመኑ ታዋቂ ገጣሚ የሮንሳር፣ የማኚም የሴቭም ሕይወት ነው። ስለዚህ የላቤ መጽሐፍ ላይ የጓደኞች እጅ አለ ማለት ከሌሎቹ አይለያትም። የሚለያት ከዚህ ተነስተን «ስለዚህ እሷ አልጻፈችም» ስንል ነው። ለማኚ እንዲህ ብለን አናውቅም።

እዚህ ላይ ለዩሾን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። አንዳንድ ተቺዎች ሥራቸውን በሴቶች ላይ የተሰነዘረ ጥቃት አድርገው አቅርበውታል። እኔ አይመስለኝም። ምርምሩ ስለ ሊዮን ገጣሚዎች ግንኙነት ብዙ አዲስ ነገር አውጥቷል። ለዘመናት ያለ ማስረጃ ሲደጋገሙ የኖሩትን የፍቅርና የጦርነት ወሬዎችም አራግፏል። ችግሩ ያለው ከግንኙነቱ ወደ መደምደሚያው የተዘለለው ዝላይ ላይ ነው።

ድምፁ የማን እንደሆነ ከቋንቋው ይታወቃል?

ብዙ አንባቢ «ግጥሙን ሳነበው የሴት ድምፅ እሰማለሁ፤ ይበቃኛል» ይላል። ይህ ማስረጃ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ለምን እንደሆነ አማርኛ በደንብ ያሳየናል።

18ኛውን ሶኔት እንውሰድ። ተናጋሪው ፍቅረኛውን ደጋግሞ ይሳመኝ ይላል፤ ለአንዱ ከፍም የጋሉ አራት እመልሳለሁ ይላል። በፈረንሳይኛው ውስጥ ሳሚው ወንድ ይሁን ሴት ሰዋስው አይነግረንም። ትእዛዙ ለሁለቱም አንድ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ተርጓሚው መምረጥ አለበት፦ «ሳመኝ» ወይስ «ሳሚኝ»? «እመልስልሃለሁ» ወይስ «እመልስልሻለሁ»? አንዷ ፊደል ጾታውን ትወስናለች። ከላይ የጠቀስኩት «እኖራለሁ፣ እሞታለሁ» ግን በሁለቱም ቋንቋ ክፍት ነው። በአማርኛም «እኔ» ጾታ የለውም።

ይህ ማለት እነዚህን ሁለት ታዋቂ ሶኔቶች የሴት የምናደርጋቸው ሽፋኑ ላይ ባለው ስም ነው። ሌሎቹ ግን እንዲህ ክፍት አይደሉም። በ13ኛውና በ14ኛው ሶኔት ተናጋሪዋ ራሷን በሴት ጾታ ትገልጻለች። 24ኛው ደግሞ በቀጥታ «እመቤቶች» ብሎ ሴቶችን ይጣራል፦ በመውደዴ አትውቀሱኝ፣ በእናንተም ሊደርስ ይችላል ይላል። ተናጋሪዋ ሴት መሆኗ በእነዚህ ግልጽ ነው። ጸሐፊዋ ሴት ስለመሆኗ ግን ሰዋስው አይመሰክርም። ወንድ የሴት ድምፅ መጻፍ ይችላል፤ ሴትም የወንድ። ስለዚህ ከስሜት ይልቅ ወደ ሰነድ መመለስ ይሻላል።

ኮምፒዩተርስ አይፈታውም? «ስታይሎሜትሪ» የሚባል ዘዴ አለ። ጸሐፊው ሳያስብ የሚደጋግማቸውን ትንንሽ ቃላት ይቆጥርና ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ያወዳድራል። ለረጅም ልቦለድ ጥሩ ይሠራል። 662 ስንኝ ግን በጣም ትንሽ ነው። የክርክሩ ስድ ንባብ ረዘም ይላል፤ ግን ግጥምና ስድ ንባብን ማወዳደር ሌላ ችግር ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ፔትራርካን ይቀዱ ነበር። ከማሽኑ የመጨረሻ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ ምን ሊለወጥ ይችላል?

የመጀመሪያው ለውጥ ክፍል ውስጥ ነው። ላቤ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የምትነበብ ገጣሚ ናት። በ2005 ለመምህራን ምልመላ በሚሰጠው ከባድ አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ ተካታ ነበር። አሁን የሚያስተምር መምህር ጥርጣሬውን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። አደጋው ክርክሩ ግጥሙን ሲውጠው ነው። ተማሪው «ጽፋዋለች ወይስ አልጻፈችውም» የሚለውን ይዞ ይወጣና ስለ 23ኛው ሶኔት አንድ ቃል ሳያውቅ ይቀራል።

ሁለተኛው ሌሎች ሴቶችን ይመለከታል። የጥንት ሴት ጸሐፊዎች ማስረጃቸው ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ማተሚያ ቤት፣ ኖተሪ (ውል አጽዳቂ)፣ ምክር ቤት የወንዶች ስለነበር ሴት በሰነድ ውስጥ የምትታየው ስታገባ፣ ስትወርስና ስትሞት ነው። ሰነድ አነሰ ብለን ደራሲነትን ከነጠቅን ብዙዎቹን እናጣለን። ሰነድ ሳንጠይቅ ሁሉን ከተቀበልን ደግሞ ታሪክ አይሆንም። ሚዛኑ ለሁለቱም ጾታ አንድ መሆን አለበት። ለወንዱ የሽፋን ስምና የንጉሥ ፈቃድ ከበቃ ለሴቷም ይብቃ።

መርሳት በራሱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነም እናስታውስ። መጽሐፉ በ1555 ወጣ። በ1556 ሦስት ጊዜ ታተመ፤ ሁለቱ ሊዮን፣ አንዱ ሩዋን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ። ከዚያ እስከ 1762 ድረስ እንደገና አልታተመም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ከዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን አንባቢ አገኘ፤ በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በጀርመንኛ የሚጽፈው ገጣሚ ራይነር ማሪያ ሪልከ 24ቱንም ሶኔቶች ወደ ጀርመንኛ መለሳቸው። ሪልከ ስለ ሰነዶቹ አልተጨነቀም። ድምፁን ሰምቶ ተከተለው።

ነገሩን የሚቋጭ ማስረጃ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ የሊዮን ኖተሪ ያስቀመጠው የኅትመት ውል። ማኚ ለጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ። በእጇ የተጻፈ አንድ ሶኔት። እንዲህ ያለ ነገር ካልታሰበ ሳጥን ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ የጊዬራግ ስም የወጣው ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያው በ2021ዱ ቅጽ ሽፋን ላይ የተጻፈው ስም፣ አዘጋጇ የሚጠራጠሩት ቢሆንም፣ ሉዊዝ ላቤ ነው።